ሚሌቼንቶዋን ያዘመምኳት እኔ አይደለሁም

በዚህ ከተማ ቤት ሲዘም ግንበኛው ይጠየቃል። ሚዛን ሲዘም ነጋዴው ይጠየቃል። ፍርድ ሲዘም እንኳ፣ ቀን ጠብቆም ቢሆን፣ ዳኛው ይጠየቃል። መኪና ሲዘም ግን የሚጠየቀው መካኒኩ እንዳይመስላችሁ… አሮጊቷ ናት!

የተፈጸመብኝ በደል ይህ ነው፤ በጽሑፍ ይቀመጥልኝ። እኔ በላይነሽ፣ የስድስት ልጆች እናት፣ የአስራ አንድ ልጆች አያት፣ የሟች ባለቤቴን ሚሌቼንቶ «በመቀመጫዋ አጎበጠቻት» ተብዬ በሰው ፊት ተፈርዶብኛል። «መቀመጫ» የምለው ጋዜጣ ላይ ስለሆንኩ ነው፤ እነሱ ያሉት ሌላ ነው። ተፈርዶብኝም ከገዛ መኪናችን ተባርሬያለሁ። በሰፈሩም «ባሌስትራ ሰባሪዋ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዕቃ ሰብሬ አላውቅም፤ የዕድር ብርጭቆ እንኳ!

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጆቼን ወልጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ቃል ማሳመር አልችልበትም። ግን ክስ ሲጻፍ መልሱም አብሮ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። የተባልኩትን፣ ያደረግኩትን፣ መጨረሻ ላይ የተሰጠኝንም መልስ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። መልሱ እኔኑ ቢወጋኝም እጽፋለሁ ብዬ ምያለሁ። ይህችን መሐላ ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ሚሌቼንቶን የማታውቁ ልጆች ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ። የጣሊያን መኪና ናት። ጀርባዋ ድቡልቡል፣ ዓይኖቿ የፈጠጡ፣ ከፊት ለፊት ስትታይ የተቀየመች አማት የምትመስል። ባለቤቴ ወርቁ በንጉሡ ጊዜ ገዝቷት፣ ደርግን አሻግሯት፣ የቤንዚን ኩፖን ዘመንንም አሳልፏት፣ ለእኛ አስረክቧት አረፈ። እኔን ሳይሰናበት የወጣበት ቀን አለ፤ እሷን ሳይወለውል የወጣበት ቀን ግን የለም። አልቀናሁም አልልም።

ወርቁ ግንበኛ ነበር። ግንበኛ ስላችሁ የዛሬዎቹን እንዳታስቡ! ዛሬ በየቦሌው ጥግ ፎቅ እያቆሙ፣ በሩን ስትከፍቱት ተመልሶ ራሱ የሚዘጋ ቤት የሚሠሩትን አላልኩም። ወርቁ ከቤት ሲወጣ ውሃ ልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ነበር። ታውቁታላችሁ፤ መሐሉ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ የተገጠመለት እንጨት። የውሃዋ አረፋ መሐል ላይ ከቆመች ሥራው ቀጥ ብሏል፤ ወዲህ ወይም ወዲያ ከሸሸች ዘሟል። አንድ ጊዜ የገዛ ቤታችንን የኩሽና ወለል፣ አረፋዋ የጤፍ ፍሬ ታህል ሸሸች ብሎ፣ አፍርሶ እንደገና ሠራው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደጅ ላይ ሳበስል!

«ወርቁ፣ ማን ያየዋል?» አልኩት።

«ውሃዋ አይታዋለች» አለኝ። «ውሃ ዘመድ የለውም፣ በላይነሽ።»

እሱ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። ውሃ ልኩ ከመኝታ ቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል። መኪናዋን የሚነዳት የመጨረሻው ልጄ ፍቃዱ ነው። እኔ ከኋላ በቀኝ በኩል እቀመጣለሁ። «እማዬ፣ ትልቅ ሰው ጋቢና ነው የሚቀመጠው» ይሉኛል። የፍቃዱን አነዳድ ከፊት ሆኖ ያየ ሰው ግን ለምን ከኋላ እንደምቀመጥ ይገባዋል።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ሚሌቼንቶዋ ከኋላዋ ወረደች። በዕድሜ ብዛት ከኋላ መውረድ የመኪና ብቻ አይደለም፤ እዚህ ላይ ዝም እንባባል። ጉድጓድ በገባች ቁጥር ሆዷ መሬት ይልሳል። ያረጀው ባሌስትራዋ ነው። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ስር በግራና በቀኝ እንደ ቀስት ጎብጠው፣ ተደራርበው የታሰሩ ብረቶች ናቸው። የመኪናውን ሸክም የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ የሚመሰገነው ግን ሞተሩ ነው። የብዙ ቤት እናት ዕድል!

ፍቃዱ ገርጂ ወዳለው ወደ ማስተር ደምሴ ጋራዥ ወሰዳት። ደምሴን እናውቀዋለን። የወርቁ ወዳጅ ነበር፤ ለቀብሩም ድንኳን ሲተክል ውሏል። ባሌስትራዎቹን አስወጥቶ አስቀጠቀጣቸው፤ መልሶ ገጠማቸው። በሦስተኛው ቀን ፍቃዱ እየዘመረ መጣ።

«እማዬ፣ ነይ ውጪ! እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላለች!»

ወጥቼ አየኋት። ከኋላዋ እርግጥ ከፍ ብላለች። ግን በግራ ብቻ! ቀኙ ወርዷል። አንድ ትከሻውን ጥሎ የሚሄድ የሰፈር ጎረምሳ መሰለችኝ።

«ፍቃዱ፣ ይቺ ሙሽራ ታነክሳለች» አልኩት።

«ግቢያችን ነው የዘመመው።»

«ግቢውን የሠራው አባትህ ነው!»

ከመሬት እስከ ኋላ መከላከያዋ ጫፍ በስንዝሬ ለካሁ። ግራው ሦስት ስንዝር፣ ቀኙ ሦስት ስንዝር ሊሞላ አራት ጣት የጎደለው። አስፋልት ላይ አውጥተን ለካናት፤ ያው አራት ጣት። ስለዚህ በማግስቱ ተያይዘን ወደ ጋራዡ ሄድን። እኔም ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር ወይ? እሱን እናንተው ትፈርዳላችሁ።

የደምሴ ጋራዥ በአንድ ጠባብ በር የሚገባበት ረጅም ቤት ነው። መኪና በአፍንጫዋ ትገባለች፣ በኋላዋ ትወጣለች፤ መዞሪያ የለም። ሚሌቼንቶዋ ገባች። ደምሴ ከኋላዋ ቆመ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ የግድግዳውን የብሎኬት መስመር ተከትሎ እያየ አውራ ጣቱን ዘረጋ። የዚህ ሰው መለኪያ በሙሉ ይኸው ነው። አንድ ዓይንና አንድ ጣት! ሁለት ዓይን ሰጥቶት አንዱን ይዘጋዋል፤ ምን ይባላል?

«ቀጥ ብላለች» አለ።

ልስቅበት ቀረብኩና… አፌን ያዝኩ። እውነትም ቀጥ ብላለች! በስንዝሬ አልለካሁም፤ ግን ከብሎኬቱ መስመር ጋር ስትታይ አንድ ጣት እንኳ ፈቀቅ አላለችም። እዚያው በር ላይ ስትዘም የነበረችው መኪና ውስጥ ስትገባ ቀጥ!

«ታዲያ ከዚህ ስትወጣ ለምን ትዘማለች?» አልኩት።

ደምሴ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። ቀጥሎ ዙሪያዬን አየኝ፤ በበዓል ዋዜማ በሬ እንደሚገዛ ሰው።

«እማማ በላይነሽ፣ እርስዎ የሚቀመጡት በየት በኩል ነው?»

«ከኋላ በቀኝ።»

«አለቀ!»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«እዚህ ቀጥ ያለች መኪና ወጥታ የምትዘም ከሆነ ጥፋቱ የሥራው አይደለም፤ የጭነቱ ነው።»

ጭነት! ስድስት ልጅ አዝዬ ያሳደግኩት ሴትዮ በስተርጅና ጭነት ሆንኩ። በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ሳቁ። ልጄም ሳቀ። የእሱን ሳቅ ለብቻው መዝግቤዋለሁ።

«አንተ ደምሴ» አልኩት፣ «እኔ ሳልቀመጥባትም እኮ ትዘማለች! ግቢያችን ባዶዋን ቆማ ትዘማለች!»

«ብረት ይለምዳል፣ እማማ።»

«ከለመደ ታዲያ እዚህ ስትገባ ለምን ትረሳዋለች?»

«ባለሙያ ስታይ ትስተካከላለች!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እንዲህ ያለው ነገር ነው እኔን የሚያቃጥለኝ። ውሸት ከሳቅ ጋር ሲመጣ መልስ አይሰጠውም። እውነቱን ይዤ እዚያ ቆምኩ፤ ማንም አላየልኝም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እነሱ ግን ዳውላ ያደረጉት እኔን ነው!

ከዚያ ቀን ወዲህ ያየሁትን አበሳ ልንገራችሁ። መጀመሪያ በግራ ተቀመጭ ተባልኩ። ተቀመጥኩ፤ መኪናዋ በቀኝ ዘመመች። ደምሴ ተጠየቀ። «የለመደችውን እስክትረሳ ወራት ይፈጃል» አለ። ቀጥሎ መሐል ተቀመጭ ተባልኩ። እግሬን ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ በሁለት የልጅ ልጆች መካከል እንደ ታቦት ተሸካሚ ቀጥ ብዬ ከኦሎምፒያ እስከ ኮተቤ ሄድኩ። መኪናዋ በቀኝ ዘመመች። ከዚያ በግራ በኩል አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተጫነ። ሽንኩርቱ ከእኔ ይልቅ ተከብሮ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። መኪናዋ ትንሽ ቀና ብላ መልሳ ዘመመች፤ እኔ ግን ለሳምንት ሽንኩርት ሸተትኩ።

በመሐሉ ወፍጮ ቤት ሄጄ በእህል ሚዛኑ ላይ ቆምኩ። አዎ፣ ቆምኩ! ክብሬን ትቼ በጤፍ ጆንያዎች መካከል ተመዘንኩ። ሰባ ስምንት ኪሎ። ለፍቃዱ ነገርኩት።

«ልጄ፣ አባትህ በየዓመቱ አንድ ኩንታል ጤፍ በዚህች መኪና ያመጣ ነበር። ያውም በቀኝ በኩል! ኩንታሉ ያላጎበጣትን እኔ በምኔ ነው የማጎብጣት?»

«እማዬ፣ ጤፉ እኮ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። አንቺ ትወራጫለሽ።»

ይኸው! ልጅ ወልዳችሁ፣ አስተምራችሁ፣ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ… ጤፍ ይሻላል ይላችኋል።

የመጨረሻው ፍርድ የመጣው ከእህቴ ልጅ ሠርግ በፊት ባለው ሳምንት ነው። ፍቃዱ ዓይኔን ሳያይ፣ የጫማውን ክር እያሰረ ተናገረ።

«እማዬ፣ መኪናዋ እስክትድን ድረስ… ለጊዜው በታክሲ ብትሄጂስ?»

አንባቢዎቼ፣ እኔ በታክሲ መሄድ አልንቅም። የናቅሁት ምክንያቱን ነው። መኪናዋ ስትገዛ የእጄን አምባር ሸጫለሁ። ወርቁ በሐምሌ ዝናብ ከስሯ ተኝቶ ሲጠግናት ጃንጥላ ይዤ ቆሜያለሁ። ሊብሬው በእሱ ስም ቢሆንም ከኋላ በቀኝ ያለው ወንበር የእኔ ነው፤ የባሌ ሞት እንኳ ያልነጠቀኝን ቦታ የሚነጥቀኝ አንድ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ነው! በዚያ ላይ ስሜ። በዕድር ስብሰባ ወንበር ሲጠፋ አንዷ ተነሥታ «ለእማማ በላይነሽ ጠንካራ ወንበር ፈልጉ» አለች። የሳቀውን ሰው ሁሉ ቆጥሬዋለሁ።

ስለዚህ በታክሲ መሄድ ጀመርኩ። ኦሎምፒያ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ ሥራ ስለሌለኝ መኪና አያለሁ። በተለይ የመኪና ኋላ። በገዛ ኋላው የተከሰሰ ሰው የመኪና ኋላ ማየት ይለምዳል። እንዲህ ሳይ አንድ አሮጌ መኪና አለፈ፤ በቀኝ ዘሟል። በማግስቱ ሌላ፤ በቀኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ ፊቴ ቆመ፤ በቀኝ! ሁሉም እኩል አራት ጣት ያህል፣ ሁሉም ትከሻውን ጥሎ! እኔ እነዚህን ሁሉ መኪኖች ተቀምጬባቸዋለሁ እንዴ?

ሹፌሩ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋ። ከኋላው ገብቼ ተቀመጥኩና አልተውኩትም።

«ወንድሜ፣ መኪናህ በቀኝ ዘማለች።»

«አውቃለሁ፣ እማማ። በበሩ በኩል የሚቀመጡ ወፍራም ሰዎች ናቸው።»

«ማን አለህ?»

«መካኒኬ።»

«ገርጂ ነው? አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ?»

ሰይድ በመስታወቱ አየኝ። «ወላሂ እሱ ነው!»

«ጋራዡ ውስጥ ግን ቀጥ ትላለች?»

«ቀጥ ትላለች! ስትወጣ ነው የምትዘመው። ምረጥና ጫን ብሎኛል። እውነቱን ልንገርዎት እማማ… ትናንት ቆመው አይቼዎት አልፌያለሁ። አውፍ ይበሉኝ።»

«ዛሬስ ለምን ቆምክ?»

«ዛሬ ቀጭን ሰው ጠፋ።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር አለች። ለተብርሃን ትባላለች፤ ኦሎምፒያ ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ያላት፣ ሸምበቆ የመሰለች ነጋዴ።

«እዋይ!» አለች። «የእኔን መኪና ባልሽ ነው ያጎበጠው ብሎኛል! ስንት ወሩ፣ ባሌ እራት ከተወ! እሱ ከሳ፣ መኪናዋ ግን አልተቃናችም።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። በዚህ ሰፈር በአንድ መካኒክ ምስክርነት አንዱ እራት ተከልክሏል፣ ሌላው ተሳፋሪ በዓይኑ ይመዝናል፣ እኔ ከሽንኩርት በታች ሆኛለሁ። ሰዎቹ ሌላ ሌላ ናቸው፤ መኪኖቹ ሌላ ሌላ ናቸው፤ አንድ የሆነው ቤቱ ብቻ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ቤት ገባሁና ከበሩ ጀርባ የወርቁን ውሃ ልክ አወረድኩ። አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ደጅ ተሰለፍን። ፍቃዱና ሚሌቼንቶዋ፣ ሰይድ ከነሚኒባሱ፣ ለተብርሃን ከነባሏ ክስ፤ ባሏ ራሱ ደክሞኛል ብሎ ቀርቷል፤ ያልበላ ሰው ምን ያድርግ። እኔ ውሃ ልኩን በጨርቅ ጠቅልዬ በብብቴ ይዣለሁ።

«ደህና ዋልክ፣ ደምሴ። ሚሌቼንቶዋን ልናስገባ ነው።»

«ይግቡ እማማ! እንዳለች ትግባ፣ ቀጥ ብላ ያዩዋታል።»

«እንዳለች አትገባም። አዙራችሁ አስገቡልኝ። በኋላዋ።»

ደምሴ ሳቀ። «በኋላዋ? እዚህ ቤት መኪና በኋላዋ ገብታ አታውቅም!»

«እኔም እስከ ዘንድሮ ባሌስትራ ሰብሬ አላውቅም። ሁሉም የመጀመሪያ አለው።»

ፍቃዱ ሊከራከር አፉን ከፈተ። አየሁት። ዘጋው። መኪናዋን አዙሮ፣ በሩ ጠባብ ነውና ሁለት ጊዜ ግድግዳ ሊነካ ጥቂት ቀርቶት፣ በኋላዋ አስገባት፤ ወረደም። እኔ ደጅ ላይ ቆሜያለሁ፤ አንድ እግሬን እንኳ አላስገባሁም። ይህን ሁሉም አይቷል።

መኪናዋ ውስጥ ስትቆም… ምን ብዬ ልንገራችሁ! አራት ጣት ድሮ ቀረ። በቀኝ በኩል እንደ ሰካራም ተንጋደደች። ከብሎኬቱ መስመር ጋር ስትታይ ስምንት ጣት ሙሉ ወርዳለች። ሰይድ «ያ ረቢ!» አለ። ደምሴ መጀመሪያ አንዱን ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ፣ ከዘመናት በኋላ ይመስለኛል፣ ሁለቱንም ከፈተ።

«ማን ነው የተቀመጠባት፣ ደምሴ?» አልኩት ከደጅ። «እኔ እዚህ ነኝ! ባለሙያ እያየች ምነው አልተስተካከለችም?»

ገባሁ። ጨርቁን ፈታሁ፣ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አጋደምኩት። አረፋዋ አንድ አፍታ እንኳ አላመነታችም፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ሮጣ ተለጠፈች። ወለሉ ከበሩ ሲገቡ ወደ ግራ ዘሟል!

ገባችሁ አይደል? መኪና በአፍንጫዋ ስትገባ ግራዋ ዝቅ ባለው ወለል ላይ ያርፋል። ደምሴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ግራው ወርዷል ይላል። ከግራው ባሌስትራ ስር ብረት ያስገባና ከፍ ያደርገዋል። የዘመመ ወለል ላይ ቀጥ ያደረጋት መኪና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስትወጣ ትዘማለች። በኋላዋ ስትገባ ደግሞ ዝቅ ባለው በኩል የሚያርፈው ቀኟ ነው፤ ለዚያ ነው እጥፍ የዘመመችው። ዓይኑ የተንሻፈፈ ሰው ዓለም ሁሉ የተንሻፈፈ እንደሚመስለው፣ ይህ ሰው የዚህን ሰፈር መኪና ሁሉ ለገዛ ወለሉ ልክ ሰፍቶታል። ከዚያ ወጥቶ ተጠያቂ ፍለጋ የሰው መቀመጫ ይመዝናል!

«አውጣት» አልኩ። «አስፋልት ላይ አውጣትና ብረቱን ንቀልልኝ። አሁን!»

ደምሴ አወጣት። ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ እንደ ድሮው ለመኪናዋ ቆምኩ። ክሪክ አስገባ፣ ከፍ አደረጋት፣ ከስሯ ተጋደመ፣ ብሎኑን ፈታ፣ ውፍረቷ አራት ጣት የሆነች ብረት አወጣ። መልሶ አሰረው። ክሪኩን ሲያወርድ ሚሌቼንቶዋ ተንገጫገጨችና ቆመች። ቀጥ! በስንዝሬ ለካሁ፤ ከዚህም ከዚያም እኩል፣ ሦስት ስንዝር ሊሞላ አራት ጣት የጎደለው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እያየ በሩን ከፍቼ፣ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ሰባ ስምንት ኪሎዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ተወራጨሁም! ሆን ብዬ!

«ፍቃዱ፣ ውረድና እይ!»

«ቀጥ ብላለች፣ እማዬ» አለ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። አላለቀም። መኪናዋ ተቃናች እንጂ ስሜ አልተቃናም። ደምሴም ያበሻ መድኃኒት ይዞ መጣ።

«በቃ እማማ፣ ሰይጣን በመሐላችን አይግባ። እንሳሳም፣ እንታረቅ።»

«አልተጣላሁህም። ተከስሻለሁ። የተከሰሰ ሰው የሚፈልገው እርቅ አይደለም፣ መልስ ነው። በሰው ፊት ነው ያልከው፤ በሰው ፊት መልስልኝ። ጥፋቱ የማን ነው?»

ደምሴ ዙሪያውን አየ። ሰይድ እጁን አጣምሯል። ለተብርሃን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

«የእርስዎ አይደለም፣ እማማ።»

«ጮክ በል።»

«የእርስዎ አይደለም! የእርስዎም ባል አይደለም፣ እትዬ ለተብርሃን! የተሳፋሪም አይደለም! የወለሉ ነው!»

እፎይ ብዬ ልሄድ ይገባኝ ነበር። አንዳንዴ ግን ምላስ ካሸነፈ በኋላ ማቆም ያቅተዋል።

«ወለሉ ነው በለኛ!» አልኩ። «ለመሆኑ ይህን ወለል የሠራልህ የትኛው ዓይነ ስውር ነው? ግንበኛ ነው ወይስ ገበታ ጠራቢ? ውሃ ልክ የሚባል ነገር አይቶ ያውቃል? ባሌ ቢያየው በመዶሻ ነበር የሚያፈርሰው! ስሙን ንገረኝ፤ እንደዚህ ያለ ሰው ስሙ ጋዜጣ ላይ መውጣት አለበት!»

ደምሴ አንገቱን ደፋ።

«ተናገር! የምትደብቅለት ዘመድህ ነው?»

«ጋሼ ወርቁ ናቸው» አለ።

ውሃ ልኩ በእጄ ላይ ከበደኝ። ሰይድ ሰማይ ማየት ጀመረ። ፍቃዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ክር የሌለው ጫማ ነው ያደረገው። ለተብርሃን እንኳ እጇን ከወገቧ አወረደች። መልሱ ቢወጋኝም እጽፋለሁ ብዬ ምዬ ነበር አይደል? ይኸው ጻፍኩት። ወለሉን ያዘመመው ባሌ ነው።

ግን ቆሜ አሰብኩ። ለጤፍ ፍሬ ብሎ ኩሽናዬን ያፈረሰ ሰው! ለሁለት ሳምንት ደጅ ያስበሰለኝ ሰው! ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኩት፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጮህ የተናገርኩት ይህን ነው።

«ደምሴ… ወርቁ ሳያውቅ ወለል አያዘምም።»

«አዎ፣ አያዘሙም» አለ። ወደ ውስጥ ገባና በግራው ግድግዳ ስር የተከመሩትን አሮጌ ጎማዎች አንድ በአንድ አነሣ። ከስራቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሠራች የውሃ መውረጃ ቦይ ወጣች። ጠርዟ እንደ ቢላ የተሳለ፣ ሲሚንቶዋ ገና ያልተሰነጠቀ። የእጁን ሥራ አወቅኩት።

«ያኔ ቤቱ መኪና የሚታጠብበት ላቫጆ ነበር፣ እማማ። ውሃው ወደ ቦዩ እንዲወርድ ብለው፣ ለክተው ነው ወደ ግራ ያዘመሙት። ሲጨርሱም እዚች ጋ ቆመው አስጠነቀቁኝ። ‹ደምሴ፣ አንድ ቀን ይህን ቤት ለሌላ ሥራ ካዋልከው፣ ከሁሉ በፊት ወለሉን አስተካክል› አሉኝ።»

«እሺ… እና?»

ደምሴ እጁን በጨርቁ ጠረገ፤ ቦዩን አየ፣ ውሃ ልኩን አየ፣ እኔን አየ።

«ረሳሁት።»